መጣሁ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ መዋለ ሕፃናት ክፍል እንሰበሰባለን። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አይቀረው። የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ክበብ ነው። በራሳችን ቋንቋ ትንፍሽ ማለት ክልክል፣ በተሳሳተ ሰው መሳቅም ክልክል። ሁለት ዓመት ሙሉ አፋችን እስኪደርቅ አወራን። እኔማ የበቃሁ መስሎኝ ነበር፣ ሞኙ!

ታላቅ እህቴ የምታጸዳው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት የውጭ አገር ኃላፊ ሾፌር ፈለጉ። እህቴ "ወንድሜ እንግሊዝኛውን ያቀላጥፈዋል" ብላ አፏን ሞልታ ተናገረችልኝ። ሦስት ወር ሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ ሥራ። በሕይወቴ ቋሚ የሚባል ነገር ሲነካኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ኃላፊዋ ደወሉ። ልጃቸውን ትኩሳት ይዞታል፤ ሐኪም ቤት ላደርሳቸው ነው። "የት ደረስክ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ። እኔ መንገድ ተዘጋግቶብኝ አደባባዩ ላይ ተገትሬያለሁ።

"አይ ኬም! አይ ኬም!" አልኩ። መጣሁ፣ መጣሁ ማለቴ ነው።

ልጁን ታቅፈው ዝናብ ላይ ወጡ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ደወሉ፤ መኪናው አይታየኝም አሉ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ "አይ ኬም!"። ስደርስ ሁለቱም በስብሰዋል፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል። ሴትየዋ እንዲገባኝ ቀስ ብለው "ዋሸኸኝ" አሉ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ። "ሶሪ፣ ሶሪ" እያልኩ በሩን ከፈትኩላቸው።

በማግስቱ ተሰናበትኩ። እህቴ ነገሩን ከኃላፊዋ ጸሐፊ ሰምታ መጣች።

"በእነሱ ቋንቋ እንደዚያ የሚባለው ሰው ከደረሰ በኋላ ነው አሉ። አንተዬ፣ ሁለት ዓመት ምን ስትማር ነበር? ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቅዳሜ ለክበቡ ነገርኩ። "ግራመር" የምንለው ሰብሳቢያችን ከመናደዱ የተነሳ የራሱን ሕግ ጥሶ በአማርኛ ጮኸ።

"ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? 'ኬም' መጣ ማለት አይደለም እንዴ? ሴትየዋ ሰበብ ፈልጋ ነው!"

ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑልኝ። በዚህ መሐል የአንዷ አባላችን፣ የልብስ ሰፊዋ፣ ስልክ ጮኸ። ከትንሿ ወንበር ብድግ አለችና "አይ ኬም" ብላን ወጣች።

ማንም ግራ አልገባውም። አሁን ተመልሳ እንደምትመጣ ሁላችንም ገባን። ከሁሉ ያንገበገበኝ፣ እኔም ገባኝ።