ከኋላ የተያዘው ዓሣ

ስቲልሄድ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ያውም ወድጄ አይደለም። በሚስቴ ቤተሰብ ዘንድ ስቲልሄድ ይዞ የማያውቅ ወንድ ማዕድ ይቀርባል እንጂ አይደመጥም።

ይህ ዓሣ ባሕር ከርሞ ለመራባት በክረምት ወደ ወንዛችን ይመለሳል። አንዴ ወንዝ ከገባ ብዙም አይበላም፤ መንጠቆ ቀድሞ በፊቱ ላሳለፈለት ሰው ነው የሚሆነው። የአማቴ የኦሪን ሕግ ደግሞ አጭር ናት። ዓሣ የያዘ ከፊት ወደ ውሃው ይገባል፣ ያልያዘ ከኋላ። መንጠቆህን ወርውር፣ አንድ እርምጃ ውረድ፣ ደግመህ ወርውር። ኦሪን ከፊት፣ ልጃቸው ዌንደል ከመሐል፣ እኔ መጨረሻ። ሁለት ሰው ያሰሰውን ውሃ ነው እኔ የማስሰው። ፊት ለመግባት ዓሣ ያስፈልጋል፤ ዓሣ ለመያዝ ደግሞ ፊት መግባት። ይህንን ብናገር ዌንደል ሳቀ።

«አማቼ፣ ዓሣ እኮ ወረፋ አያውቅም።»

«አንተ ታውቃለህ አይደል? አንድ ቀን ልቀቅልኝ።»

«መጀመሪያ ያዛ።»

ዌንደል የእንጨት መሰንጠቂያው አለቃ ነው፤ እኔ ሳንቃ ደርዳሪ። እዚያም ከኋላው ነኝ።

የኦሪን ጉልበት አብጦ ከቤት የቀሩ ዕለት እኔና ዌንደል ብቻ ወረድን። ዝናቡ አጥንት ይሰብራል። ዌንደል ከትልቁ ድንጋይ ሥር ደጋግሞ ወረወረና አልፎ ወረደ። እኔም እዚያው ወረወርኩ። ክሩ ቆመ። ድንጋይ የያዘው መስሎኝ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ሄደ።

ስቤ ወደ ዳር አምጥቼው ስጣራ ዌንደል መጥቶ የዓሣውን ጭራ ያዘልኝ። ዓሣው እንደ ብር ያበራል። መንጠቆው አፉ ጥግ ላይ ተሰክቷል፤ ዌንደል በገዛ ጣቱ ነቀለው። ሰው ያረባቸው ዓሦች ላይ የሚቆረጠው የጀርባው ትንሽ ክንፍ አልተቆረጠም፤ የወንዙ ተወላጅ ነውና በመንግሥት ሕግ መሠረት ለቀቅነው።

«የት ላይ ያዘልህ?» አለኝ።

«አንተ አሁን ካለፍክበት፣ ከድንጋዩ ሥር።»

ፊቱን አዙሮ ወደ ውሃው ተመለሰ። ሰው አስሶ ካለፈው ውሃ ዓሣ ማውጣት ያለፈውን ሰው በጥፊ እንደ መምታት ነው። እኔ ጅሉ በደስታዬ አላሰብኩትም።

እራት ላይ «ዛሬ ያዝኩ፣ አባባ» አልኩ።

ኦሪን ወደ እኔ አላዩም። ልጃቸውን «እውነቱን ነው?» አሉት።

«መንጠቆው ሆዱ ላይ ነው የገባው» አለ ዌንደል ዳቦ እየቆረሰ። «ዓሣው ሲያልፍ ጠለፈው እንጂ አልነከሰለትም።»

ሆዱን የተጠለፈ አይቆጠርም።

«አፉ ላይ ነበር። አንተው ነህ የነቀልከው።»

«የነቀልኩትን የማውቀው እኔ ነኛ፣ አማቼ።»

«እንግዲህ ለሚቀጥለው ይቅናህ» አሉ ኦሪን። «የአጋዘኑን ወጥ አቀብለኝ።»

አቀበልኳቸው።

ሚስቴን ማርላን ሳህን ስታጥብ «አንቺስ ታምኚኛለሽ?» አልኳት።

«ለአንድ ዓሣ ብዬ ቤቴን ልበጥብጥ?» አለች። ቤቴ ያለችው የአባቷን ነው።

ቅዳሜ ኦሪንን ጉልበታቸውን ተሻላቸውና ሦስታችንም ሄድን። ወንዙ ዳር ዌንደል አባቱ እየሰሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«ና እንጂ አማቼ፣ ዛሬ ከእኔ ፊት ግባ። አሳዘንከኝ።»

የገዛ ቦታዬን በምጽዋት።

«አንተ ግባ» አልኩት።

«አየህ» አሉት ኦሪን ልጃቸውን፣ «ቢያንስ ልኩን ያውቃል።»

ሁለቱም ያንን ትልቁን ድንጋይ አስሰው እስኪያልፉ ጠብቄ፣ ዓሣዬን ወዳወጣሁበት ውሃ ከኋላቸው ገባሁ።