ይሉኝታ የሌላት አጥቂ

ኩራሞቺ የሚፈልገው ጨዋ ልጅ አልነበረም። ጨዋ ልጅማ ሞልቶ ተርፏል። በሰሜን ጃፓን የባሕር ዳርቻ፣ ማሞቂያዋ በማይሠራ አሮጌ መኪናው ከከተማ ከተማ እየተንከራተተ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያየው ሁሉ ያው ነው፤ ኳስ ሲቀባበሉ የሚያምሩ፣ ሩጡ ሲባሉ የማይደክሙ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ለባዶው ሜዳ ሳይቀር ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሡ ልጆች። አማካይ ከተፈለገ በሽ ነው። ተከላካይም እንደዚያው። የጠፋው፣ ግቡ ፊት ሲደርስ ይሉኝታውን አውልቆ የሚጥል ሰው ነው። የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን ኳሱን ይዞ ይውልና አንድ ለዜሮ ተሸንፎ ይገባል። ከዚያ የፌዴሬሽኑ ሰዎች ስብሰባ ይጠሩና እንደ ኩራሞቺ ያሉትን ተጫዋች መልማዮች "አጥቂ አምጡ" ይላሉ፤ አጥቂ እንደ ጎመን ከገበያ የሚገዛ ይመስል።

ኩራሞቺ ለዚህ ሥራ ዕድሜውን ሰጥቷል። በመጪው መጋቢት ጡረታ ይወጣል፤ እስከዛሬ ለብሔራዊ ቡድን ያበቃው አጥቂ ግን የለም። ማንም በዚህ ወቅሶት አያውቅም፤ እንዲያውም በየዓመቱ ያመሰግኑታል። ምስጋናው ነው ውስጥ ውስጡን የሚበላው። አንዲት፣ አንዲት ብቻ አግኝቶ ቢሄድ ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር።

ቺጉሳን ያገኛት በጥቅምት ነው፤ ኢሶዛኪ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ነፋሱ ኳሱን ወደ ባሕር ሊወስድ በሚታገልበት የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ አጭር፣ ጉልበቷ የተላላጠ። ከራሷ ቡድን ኮቶኔ የምትባል ልጅ ግቡ ፊት ኳስ አመቻችታ ልትመታ እግሯን ስታነሣ፣ ቺጉሳ ከጎን ደርሳ ነጠቀቻትና አክርራ መታችው። ግብ ጠባቂዋ ለመወርወር እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ኩራሞቺ "እሰይ" አለ ለራሱ። ልጅቷ ዘወር ብላ ጓደኛዋን አላየቻትም፤ ይቅርታም አላለች። ጨዋታው ሲያልቅ ሦስት አግብታ ነበር።

ከጨዋታ በኋላ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ተቀመጡና እያንዳንዳቸው የዕለቱን ጥፋታቸውን መናገር ጀመሩ። አሰልጣኛቸው ሶጋ የሳይንስ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ የዕረፍት ቀኑን ሁሉ ለእነዚህ ልጆች የሰጠ ሰው። አንዷ "ቶሎ ደከመኝ" አለች፤ ሌላዋ "ጮክ ብዬ አልተጣራሁም" አለች። የቺጉሳ ተራ ደረሰ።

"አራተኛዋን ስቻለሁ" አለች። "ሌላ ጥፋት የለብኝም።"

"የኮቶኔን ኳስ መንጠቅሽስ?" አለ ሶጋ ለስለስ ብሎ።

"ኮቶኔ ትስታለቻ።"

ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። ኮቶኔ ጉንጯን ነፍታ ቆየችና፣ "መሳቱንስ እስት ነበር" አለች፤ "ግን እኮ የኔ ኳስ ነበረች፣ አንቺ ሌባ።" ሁሉም ሳቁ። ቺጉሳ ብቻ አልሳቀችም፤ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባትም።

ኩራሞቺ በደስታ የሚሆነውን አጣ። ቀጥሎ ያደረገውን ነገር ግን ዛሬም ሲያስበው ራሱን በጥፊ መምታት ያምረዋል። ዝም ብሎ መሄድ ይችል ነበር። የተጫዋቾች ምርጫ ቀን ሲደርስ ልጅቷን ማስጠራት ይበቃው ነበር። ምን አፉን እንደከፈተው እንጃ፣ ሶጋን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "ይህችን ልጅ በኅዳር ለብሔራዊ ማሰልጠኛው ምርጫ ላቀርባት ነው" አለው።

ሶጋ ፊቱ ነጣ። ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አቃተው። "ለእንዲህ ያለ ቦታ ገና ብዙ ይጎድላታል" አለ። "ግን አላሳፍርዎትም።"

"ምንም አያድርጉ" አለ ኩራሞቺ። "እንዳለች ትምጣልኝ። ምኗንም አይንኩ።"

"ገባኝ" አለ ሶጋ። የገባው ግን ሌላ ነው። እንግዳ "አትቸገሩ" ስላለ ሻይ የማይቀርብበት ቤት የት አለ? ሶጋ የሰማው የትልቅ ሰው ትሕትና ነው፤ ትሕትናውንም በሥራ ሊመልስ ቆርጦ ተነሣ።

ሳምንታት አልፈው ስልክ ደወለ። "ቺጉሳን አሁን ቢያዩዋት አያውቋትም" አለ ሶጋ፤ ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። "ከሁሉ ቀድማ መጥታ ኳሶቹን የምታጥበው እሷ ናት። ትናንት ደግሞ ብቻዋን ከግብ ጠባቂዋ ጋር ተፋጥጣ ሳለ ኳሷን ለኮቶኔ ሰጠቻት። ኮቶኔም አገባችው፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ግብ። ሁላችንም አለቀስን።"

"መልካም ነው" አለ ኩራሞቺ። በማግስቱ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ኢሶዛኪ ነዳ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ እናትየዋ ነው። ወይዘሮ ኦይካዋ ፀጉር ቤት አላት፤ የአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ፀጉር እየቆረጠች ነበር። ኩራሞቺን ስታይ መቀሱን እንደያዘች ደጋግማ እጅ ነሣች።

"ጎረቤቱ ሁሉ እየመከራት ነው" አለች። "እኔም ነግሬያታለሁ። የሰው ኳስ አትንጠቂ፣ እዚያ የሚጠብቁሽም እናት ያላቸው ልጆች ናቸው ብያታለሁ። ነገ ምን ዓይነት እናት ናት ያሳደገቻት እንዳንባል።"

"ትንጠቅ" አለ ኩራሞቺ። "ግድ የለም፣ ወይዘሮ ኦይካዋ፣ ትንጠቅ።"

እናትየዋ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። "እርስዎ ደግሞ። እንዳይከብደን ብለው ነው።"

"ይቺ ልጅ ድሮ የእግዜር ሰላምታ አትሰጥም ነበር" አለ ሽማግሌው ፎጣ እንደለበሰ። "አሁን እጅ ስትነሣኝ የያዝኩት ዓሣ ከእጄ እስኪወድቅ ነው የምደነግጠው።"

ሳቁ፤ ኩራሞቺም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ? መልማይ ያቀረበውን ተጫዋች ከምርጫው በፊት ይህን አድርግ ብሎ መምከር አይፈቀድለትም። ደንቡን ቢጥስ እንኳ፣ መምህሯን ዘልሎ ለተማሪ ተቃራኒውን መንገር ሶጋን ማዋረድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሲያድግም አላየው፣ ሲያረጅም አይጀምረው።

ወጥቶ ወደ መኪናው ሲሄድ ቺጉሳ በብስክሌት መጣች። መንገዱ ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም።

"ጋሼ ኩራሞቺ" ብላ ወረደችና ጎንበስ አለች። አጎነባበሷ እንኳ ተስተካክሏል።

"እግርሽ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ምቺ። ሌላ ምንም አይደለም፤ ምቺ ብቻ። "ብርዱ በርትቷል" አለ፤ "ልብስ ደርቢ።"

"እሺ፣ አመሰግናለሁ።"

መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ይሉኝታ የሌላት ልጅ ሲፈልግ የኖረው ሰው የራሱ ይሉኝታ አንቆ ይዞታል። "ፈሪ" አለ ራሱን፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

የምርጫው ቀን ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር። ኩራሞቺ ከመራጮቹ ሰብሳቢ ከማካቤ ጎን ተቀመጠ። ማካቤ በዘመኗ ስመ ጥር ተከላካይ የነበረች፣ ሰው የምታከብር፣ ዓይኗ የማይስት ሴት ናት። ከመቀመጫ ሆኖ ለተጫዋች ድምፅ ማሰማት ክልክል ስለሆነ፣ ከኋላ ያሉት ወላጆች ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ሶጋና የቺጉሳ እናት ከእነሱ መሃል ናቸው፤ እናትየዋ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ነው የመጣችው።

ቺጉሳ በአጥቂ ቦታ ገባች። ኳስ በደረሳት ቁጥር ቀና ብላ ሰው ትፈልጋለች። ታቀብላለች፤ ሲቀሟት ከሁሉ ቀድማ ተመልሳ ትከላከላለች። ኩራሞቺ ጉልበቱን ጨምድዶ ይዟል። "ቆይ፣ አንዴ ግቡ ፊት ትድረስ ብቻ" ይላል በሆዱ፤ "እግሯ መቼም አይረሳም።"

ደረሰች። የምትጠብቃት ተከላካይ ጭቃው ላይ ተንሸራተተችና ቺጉሳ ብቻዋን ቀረች። ግብ ጠባቂዋ ያለ ጊዜዋ ወጥታለች፤ ግቡ በቀኝ በኩል ወለል ብሏል። እግሯ ተነሣ። ኩራሞቺ ከመቀመጫው ብድግ ማለቱን ራሱ አላወቀም። ልጅቷ ግን አንገቷን ወደ ግራ አዞረች፤ አንዲት ቀጭን ልጅ እየሮጠች ነበር። ኳሷን ገፋ አድርጋ ሰጠቻት። ቀጭኗ ልጅ ያልጠበቀችው ነገር ሆኖባት ደንግጣ መታችው፤ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ወጣች። ቺጉሳ ሮጣ ሄዳ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። "ይቅርታ፣ አሰጣጤ ጥሩ አልነበረም" ስትላት እስከ መቀመጫዎቹ ተሰማ።

"አዩልኝ?" አለች ማካቤ በለሆሳስ። "ምን ያለች ልጅ ናት።"

ጨዋታው እንዳለቀ ማካቤ ወደ ኩራሞቺ ዞረች። "ወስደናታል" አለች። "ለቀኝ ተከላካይነት። ሩጫዋም ጠባይዋም ለዚያ የተሠራ ነው።"

"አጥቂ ናት" አለ ኩራሞቺ።

"ዛሬ ስንቴ ወደ ግብ መታች?"

አንዴም አልመታችም።

"በጥቅምት ቢያዩዋት" አለ ኩራሞቺ፤ ድምፁ ልመና ሆነበት። "ከገዛ ጓደኛዋ እግር ላይ ነጥቃ ነው ያገባችው።"

"እንዲህ ያለች ልጅ?" ማካቤ ፈገግ አለች፤ ፌዝ አልነበረበትም። "አቶ ኩራሞቺ፣ አጥቂ ለማግኘት ምን ያህል እንደጓጉ አውቃለሁ። እኔስ ብሆን አጥቼ አይደል የተቀመጥኩት? ግን ያላየሁትን አየሁ አልልም። ደስ ይበልዎት እንጂ፤ ልጅዎ አልፋለች።"

ልክ ናት። ያበሳጨውም እሱ ነው። የሚቆጣው ሰው ቢፈልግ አጣ። ሶጋን ይቆጣ? እናትየዋን ይቆጣ? ሁሉም ያላቸውን ነው የሰጡት፤ ሰጥተው ሰጥተው ልጅቷን ጨረሷት።

ውጤቱ ሲነገር እናትየዋ ፊቷን በመሐረብ ሸፍና አለቀሰች። ሶጋ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ መጥቶ፣ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎነበሰ። "የእርስዎ ውለታ ነው" አለ። "በኢሶዛኪ ታሪክ የመጀመሪያዋ ናት። እንዳለች ትምጣ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን እንዲህ አድርጌ ላመጣልዎት ፈለግሁ።"

"ብዙ ደክመውላታል" አለ ኩራሞቺ፤ እሱም ጎነበሰ።

ቺጉሳ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ተጣብቋል። "ጋሼ" አለች፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂኝ።"

"ያቺን ኳስ፣ ግብ ጠባቂዋ የወጣችባትን። ልመታት ነበር። እግሬ ተነሥቶ ነበር።" ከንፈሯን ነከሰች። "መምታት ነበረብኝ?"

ሶጋ ፈገግ እንዳለ መልሱን ይጠብቃል። እናትየዋም መሐረቡን ከዓይኗ አንሥታ ቀና አለች። ከሦስቱም እውነቱን የጠየቀችው ልጅቷ ብቻ ናት፤ ዓይኗንም ከኩራሞቺ ላይ አላነሣችም። አዎ ቢላት የሶጋ ልፋት ሁሉ እዚያው እናትየዋ ፊት ሊፈርስ ነው። አዎ ቢላት ደግሞ ልጅቷ ትተርፋለች።

"ጥሩ ኳስ ነው የሰጠሻት" አለ ኩራሞቺ።

"አላልኩሽም?" አለ ሶጋ።

የቺጉሳ ትከሻ ወረደ፤ የተገላገለች ትመስል ነበር።

"እሺ" አለች። "እንግዲህ ሁልጊዜ እንደዚያ አደርጋለሁ።" እጅ ነሥታ፣ የግቦቹን ብረት ተሸክመው ወደ ዕቃ ቤት ወደሚያስገቡት ልጆች ሮጠች።