የተከረከመችው ሚጥሚጣ

«ተቀመጪ! ሐዘንተኛ አይነሳም!»

ማሚቱ የጸዳለን ትከሻ ይዛ ወደ ፍራሹ መለሰቻት። ማሚቱ የጸዳለ ሟች ባል የገነነ ታላቅ እህት ናት፤ ከጨንቻ ደጋ ከወረደች ጀምሮ ለቅሶ ቤቱን የምታዝዘው እሷ ነች።

ጸዳለ የፈለገችው እስከ አጥሩ መሄድ ብቻ ነበር። ድንኳን ተካዮቹ ገነነ ሚጥሚጣ ያበቀለባቸውን የቀለም ባልዲዎች እዚያ ደርድረዋቸዋል። የቆላው የሴቻ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የለውም።

«እትዬ፣ ያቺ የተከረከመችው...»

«የደረቀችው? ነቅላችሁ ማገዶ ውስጥ ጨምሯት ብያለሁ። ይልቅ ጉሮሮሽን አርጥቢ፤ ከቀብሩ ወዲህ ምን ቀመስሽ?»

ውኃ በኩባያ አስጨበጠቻት። ጸዳለ ይኸንንም ሳትቀምሰው ከጎኗ አስቀመጠችው።

ገነነ ብርድ አገር አድጎ፣ ሚጥሚጣ ዓመቱን ሙሉ ሲያፈራ ማየት የማይሰለቸው ሰው ነበር። በበጋ ባልዲዎቹን ወደ ጥላ ያዞራል፣ ለማባያው ለዳጣ የሚሆነውን ይለቅማል፣ እንደ ልጅ ያነጋግራቸዋል። «እኔንም ባልዲ ውስጥ ብትተክለኝ ይሻለኝ ነበር» እያለች ጸዳለ ትቀልድበት ነበር።

ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ግን ትልቋን እስከ ግንዷ ሲከረክማት ደረሰችበትና ጮኸች።

«ገደልካት! ምን ዓይነት እጅ ነው የማያርፍ!»

እሱ ሳቀ። «እንደገና እንድታቆጠቁጥ ነው። ነይ፣ በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊያት፤ ውስጧ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለች።»

ተናዳ፣ ሳታይለት ገባች። በማግስቱ ልቡ ቀጥ አለ። የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ጎንበስ ብላ ብታይለት ምን ነበረበት?

ጎረቤቷ ባለሱቋ ሁስና አጠገቧ ስትቀመጥ ጸዳለ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ያቺን የተከረከመችውን ሚጥሚጣ እሳት ውስጥ ሳይከቷት አምጪልኝ።»

ሁስና ወጣች። ባልዲውን አቅፋ፣ በለቀስተኛው መሐል አልፋ ፍራሹ ጥግ አስቀመጠችው።

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ባልዲ!» አለች ማሚቱ።

«የወንድምሽ እጅ ያረፈበት ነው እትዬ» አለች ጸዳለ።

ማሚቱ ባልዲውን አየችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ጸዳለ ጎንበስ ብላ የሚጥሚጣዋን ግንድ በጥፍሯ ፋቀች። ከግራጫው ልጥ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ወጣ።

«ገኔ፣ እውነትህን ነው» አለች ቀስ ብላ።

ኩባያውን አነሳች። ግማሹን አፈሩ ላይ አፈሰሰች፤ የቀረውን ጠጣችው።