የገራፊው ፊት

ባሌ አኒዬሎ ዶሮ እንኳን ለማረድ አንጀቱ የማይችል ሰው ነበር። የማርደው እኔ ነበርኩ። ግን በኔፕልስ ወደብ የእህል ጆንያ ሲሸከም የኖረ ክንዱን ሠዓሊው አየና፣ ለቤተ ክርስቲያናችን በሚሥለው ሥዕል ላይ ጌታን የሚገርፈው ወታደር አደረገው። «ቁምለት እንጂ ምን ቸገረህ፣ ሥዕል አይደል!» ያልኩት እኔው ነኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሠዓሊው የሥዕሉን ብርሃን ከግራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ እውነተኛ መስኮት ካለበት በኩል አመጣው። ጌታ የታሰረበትን ዓምድ ብታዩት ከቤተ ክርስቲያኑ ዓምዶች አንዱ ነው የምትሉት። ቀትር ላይ የፀሐይ ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ የጌታ ትከሻ ይበራል፣ ቀጥሎ የአኒዬሎ ፊት፣ ከነቅንድቡ ጠባሳ። ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው።

ከዚያ ወረርሽኝ መጣና አኒዬሎን ወሰደብኝ። በጋሪ ጭነውት ሄዱ፣ የት እንደቀበሩት እንኳን አላውቅም። ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን። የቀረኝ ያ ፊት ነው። በየቀኑ ቀትር ላይ እየሄድኩ ውሎዬን አጫውተዋለሁ።

የሰፈራችን ሴቶች ደግሞ ጌታን የሚያሠቃይ ሰው በሥዕል ካዩ ዓይኑን ይፍቁታል፤ ጽድቅ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ስደርስ ጎረቤቴ ካርሞሲና በቤቷ ቁልፍ ጉንጩን ስትሞነጭረው አገኘኋት። እጇን ለቀም አደረግኩ።

«ምን ነካሽ አንቺ! ባሌ እኮ ነው!»

«ባልሽማ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር። ይሄ ጌታን የገረፈ ውሻ ነው። ልቀቂኝ!»

«አኒዬሎ ነው! ስንት ቀን እንጨትሽን ተሸክሞልሻል?»

«ታዲያ አኒዬሎ ከሆነ እዚያ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ሠዓሊው ጭረቱን ሊጠግን መጣ። «ፖርዚያ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ። «ብርሃን ላይ እስካለ ድረስ አይተዉትም። ዛሬ ጉንጩን፣ ነገ ዓይኑን ነው። ከፈለግሽ በጥቁር ቀለም ሸፍኜ ጨለማ ውስጥ ላስገባው። ፊቱ ከሥር ምንም አይሆንም።»

«ከዚያ በኋላ ይታየኛል?»

«አይታይሽም።»

እነሱ ከሚፍቁት ብዬ «ይቀቡት» አልኩ። ዓይኖቹን መጨረሻ ላይ ቀባቸው።

ይኸው አሁን ማንም አይነካውም። እኔም ቀትር ላይ እሄዳለሁ፣ ጨለማውን እያየሁ አወራለሁ፤ የሚያየኝ ሁሉ አብዳለች ይላል፣ ይበል። ትናንት ግን ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውሰው ሞከርኩ። ጠባሳው በየትኛው ቅንድቡ ላይ ነበር? በግራው? በቀኙ? ደወል እስኪደወል ቆምኩ። ጠፋኝ።