ጓንት የማያስወልቀው ካሜራ

«እየነዳ ፎቶ ሲያነሳ ነው አሉ። ካሜራውን ደግሞ የመረጠችለት ሚስቱ ናት።»

ሰፈሩ «ራዲዮ» የሚላት ጎረቤት ይህን ያለችው ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች ነው። ድምፅ መቀነስ አይሆንላትም፤ ስታንሾካሹክ እንኳ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚህኛው ወሬ ባለቤት፣ የሟቹ ሚስት፣ ግን ባዶ ፔርሙስ ይዛ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። ትንሽ ጠብቃ ገባችና «ሻይ አልቋል» አለች። ራዲዮ ደንግጣ አንዷን ብርጭቆ ሁለቴ አጠበቻት።

ሳሎን ውስጥ አማቷ ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ ምራታቸውን ያናገሯት «ውሃ ስጪኝ» እና «በሩን ዝጊው» በማለት ብቻ ነው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢወጣቸው ይሻላት ነበር፤ ለክፉ ቃል መልስ አይጠፋም። ዝም ላለ ሰው ግን ምን ይባላል?

ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ከለቅሶ ደራሹ ግማሹም ደንበኛው ነው። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ገብተው እንደተቀመጡ፣ ጆሯቸውን የሸፈነውን ሽበት ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «እንግዲህ እኛንስ ማን ሰው ያስመስለን?» አሉ። ሰዎቹ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ሁሉም አቀርቅረው አለቀሱ።

ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ሰኞ ማለት ለእሱ ሞተሩና መንገዱ ነበር። ጠዋት ወጥቶ አመሻሹ ላይ አቧራ ለብሶ ይመለስና ገና ከበሩ «ያየሁትን ብታዪ!» ይላል። ሚስቱ ደግሞ ሞተር ላይ ስትወጣ ራሷን ያዞራታል። ካሜራ የፈለገውም ለዚሁ ነበር፤ እንድታይለት።

መጀመሪያ ስልኩን መሪው ላይ አስሮ ሞከረ፤ ንዝረቱ የስልኩን ካሜራ ገደለውና ፎቶው ሁሉ ብዥ አለ። ከጓደኛው ትልቅ ካሜራ ተውሶ አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥል፣ በየጉድጓዱ ደረቱን ሲደልቀው ዋለ። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ወሬ ትንሽ ካሜራ ብቻ ሆነ። ራት ላይ ካሜራ፣ አልጋ ላይ ካሜራ።

«እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አላሰብክበትም» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺን ለማግኘት መች ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ?»

ልብ አውልቅ ቢሆንባት አብራው ሄደች። ሻጩ መስታወቱ ላይ ሦስት ደረደረላቸው። አንደኛው ሩቁን ያቀርባል፤ ሌንሱ ግን ሲከፈት ወደ ፊት ስለሚወጣ አቧራ ይገባበታል። ሁለተኛው ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ቁልፎቹ ግን ምስር ያክላሉ። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ደረት ኪስ ይበቃዋል፣ ሌንሱ አይወጣም፣ አቧራም ውሃም አይደፍረውም። ባሏ የሞተር ጓንቱን አጥልቆ ሦስቱንም በየተራ መነካካት ሲጀምር ሻጩ «ጌታዬ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊዘርፉን የመጡት?» አለ። ባሏ ልቡ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ። እሷ ግን ሦስተኛውን አንስታ አስጨበጠችው።

«ይሄን ውሰድ። ጓንትህን እንኳ አያስወልቅህም።»

ያን ዕለት ማታ ካሜራውን ለእናቱ ሲያሳይ ቃሏን እየሳቀ ደገመላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጓንት የማያስወልቅ ካሜራ ለካ ማቆምም አያስፈልገውም። እየነዳ ማንሳት ጀመረ። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ስለሆነ ቀኙ ከመሪው አይነሳም፤ የካሜራው ቁልፍ ደግሞ ያለው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ካሜራውን ዘቅዝቆ በግራው ይይዝና በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ፎቶዎቹ ሁሉ ሰማዩን ከታች፣ መንገዱን ከላይ አድርገው ይመጣሉ፤ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ የምታቃናቸው እሷ ነበረች። «አቁመህ አንሳ!» ብላ ትቆጣዋለች። «እሺ» ይላል። እሺታው እስከሚቀጥለው ሰኞ ነው።

ፖሊሶቹ «መታጠፊያው ላይ ከመንገድ ወጣ» ከማለት በቀር የነገሯት የለም። ያስረከቧት ፌስታል ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ እስካሁን ማንም አልነካውም። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ቀለል ሲል አወረደችው። ካሜራው ጥጉ ተፍቋል እንጂ ይሠራል። የዚያን ሰኞ ፎቶዎች ማየት ጀመረች፦ የተዘቀዘቀ ድልድይ፣ የተዘቀዘቀ የነዳጅ ማደያ፣ የተዘቀዘቁ ዛፎች። አንድ በአንድ እያሳለፈች ቀጠለች።

የመጨረሻው ቀጥ ያለ ነበር። ሞተሩ መንገድ ዳር ቆሟል፣ ሄልሜቱ መቀመጫው ላይ ነው፣ ከኋላው ሰፊ ሸለቆ ይታያል። ያኔ ናፈቃት። ከሞተ ጀምሮ ስትፈራ እንጂ ሲናፍቃት አልነበረም።

ካሜራውን ይዛ ወደ ሳሎን ሄደችና አማቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማዬ፣ የመጨረሻው ፎቶ ይሄ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ሞተሩ ቆሟል» አሉ።

«አዎ፣ ወርዶ ነው ያነሳው። እየነዳ ቢሆን ይዘቀዘቅ ነበር።»

እዚያ ላይ ብትተወው ይበቃ ነበር። ራዲዮም ሻይ መቅዳቷን አቁማ እየሰማች ስለሆነ ወሬው እስከ ማታ ሰፈሩን ያዳርሳል። ግን አልሆነላትም።

«ሌሎቹ ግን ተዘቅዝቀዋል» አለች። «ጠዋቱን ሙሉ እየነዳ ሲያነሳ ነበር። ከዚህም በኋላ ሊያነሳ ሞክሮ እንደሆነ አላውቅም። ካሜራውን የመረጥኩለት እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

አማቷ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ልጅ ሆኖ ብስክሌት ሲነዳ ሁለቱንም እጁን ይለቅ ነበር» አሉ። «‹እማዬ፣ እዪኝ!› ይለኛል። እጮህበታለሁ፤ እሺ ይላል፤ ደግሞ ይለቃል። ብስክሌቱን የገዛሁለት እኔ ነበርኩ።»

ሁለቱም ካሜራውን አላዩትም።

«ሌሎቹን አሳዪኝ» አሉ ቆይተው።

«ተዘቅዝቀዋል እኮ፣ እማዬ።»

«ይሁን።»

ፍራሹ ላይ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና እግራቸውን የሸፈኑበትን ብርድ ልብስ ጫፍ ገለጥ አደረጉላት።