በለንሳ ስም የተገኙት

ፋሩቅ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈተ ወዲህ «ጠፋ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የኔ ኮምፒውተር ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል» ይላል፣ ደንበኛ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ስለዚህ ኦቦ አዱኛ በጥቅምት ወር ጎጆ ከምትባለው ከተማ ወርደው የልጃቸውን ፎቶ ሲጠይቁት፣ ሳያስብ «አለ» አላቸው። ማሰብ የነበረበት ያኔ ነበር።

ልጃቸው ለንሳ አምቦ ከተማ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ስትማር የቆየች ልጅ ናት። በሰኔ፣ ፈተና ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ደራሽ ውኃ ከነቦርሳዋ ወሰዳት። መታወቂያዋ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለው ቅጽ ላይም ፎቶው ተላቆ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ሁለቱም ፎቶዎች የተነሱት ፋሩቅ ዘንድ ነበር፤ ሌላ ፎቶ አልነበራትም። ልጁን በየሳምንቱ የሚያይ ገበሬ ፎቶዋ ምን ሊያደርግለት?

«እናቷ ፊቷ እየጠፋባት ነው» አሉ ኦቦ አዱኛ። «ከእንቅልፏ ተነስታ ‹አፍንጫዋ እንዴት ነበር?› ትለኛለች። እኔ እነግራታለሁ። እስከ መቼ እንደምነግራት ግን እንጃ። ማሎ፣ እባክህ ፋሩቅ፣ ኢንተላ ኮ… ልጄን ስጠኝ።»

ነገሩ እንደ አፍ ቀላል አልሆነም። በጥር ወር ቫይረስ ኮምፒውተሩን አተራምሶት፣ ፋሩቅ ዊንዶውሱን ጥሎ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት ጭኖ ነበር። ፎቶዎቹን ከጥፋቱ ሲያተርፋቸው የፋይል ስማቸው ሁሉ ረግፎ ቁጥር ብቻ ቀረላቸው። በዓይን ይፈለጉ ቢባል ዓመት አይበቃም። ደግነቱ ፋሩቅ ፎቶ ባነሳ ቁጥር የተነሺውን ስምና አገር በፋይሉ ሆድ ውስጥ ማስታወሻ አድርጎ የመጻፍ ልማድ አለው። የሚያስፈልገው ያንን ሆድ እየከፈተ የሚያነብለት ፈላጊ ፕሮግራም ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ወዳጁ በፍላሽ ሰጠው፤ የሰጠው ግን ምንጭ ኮዱን፣ ገና ያልተገነባውን ጽሑፍ ነበር። ዱቄቱን እንጂ ዳቦውን አይደለም።

ፋሩቅ ዱቄቱን ማቡካት ጀመረ። ኮምፒውተሩ ለግንባታው መዘጋጀቱን የሚመረምረው ትእዛዝ፣ ላይብረሪ ከሚባሉት አጋዥ ኮዶች አንዱ የለም ብሎ ቆመ። ያንን አምጥቶ ሲጭን ሌላ የለም አለ፤ ሁለተኛው ሲገኝ ሦስተኛው። በመጨረሻ መገንባት ሲጀምርና መስመሮቹ በስክሪኑ ላይ እንደ ጉድ ሲወርዱ መብራት ሄደ።

«አንድ ፎቶ ለመፈለግ ፋብሪካ ትከፍታለህ እንዴ?» አለችው ሚስቱ ሰኪና፣ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ።

«ፋብሪካም ቢሆን እከፍታለሁ። ሰውየውን አታዪያቸውም?»

ሰውየው ዘመድ ቤት እያደሩ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ተነሺ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ይቀመጡና «ደረሰች?» ይላሉ፣ መንገድ ላይ ያለች ይመስል። ፋሩቅ ይህን ቃል መስማት ፈራ። ሥራውን ሁሉ ትቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለ። ለሰውየው አዝኖ ነበር፤ «አለ» ብሎ መናገሩም ያሳፍረው ጀምሯል።

መብራት ተመልሶ ፕሮግራሙ ተገንብቶ ሲያበቃ «ለንሳ» ብሎ ጻፈ። ምንም የለም። ከዚያ የፕሮግራሙን ቅንብር ሲያነብ ነገሩ ገባው፤ ፕሮግራሙ ደብዳቤና ሰነድ እንጂ ሥዕል አይከፍትም፣ ፎቶዎቹ ያሉበትንም ዲስክ አያውቀውም። የዲስኩን አድራሻ በቅንብሩ ፋይል ላይ ጻፈለት፤ የፎቶ ማስታወሻ የሚያነብ ትንሽ አጋዥ ፕሮግራምም ጨመረለት። ዲስኩን ሁሉ እያነበበ እንዲያድር ተወው።

በማግስቱ ኦቦ አዱኛ አጠገቡ ተቀምጠው ሳለ «ለንሳ አዱኛ፣ ጎጆ» ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በፋይል ቁጥሮች ሞላ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ፋሩቅ። «አላልኩዎትም ኦቦ አዱኛ? አንድ ሲሉኝ ይኸው ስንት!»

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

የመጀመሪያውን ከፈተ። ወንድ ልጅ ነው። ስህተት ይሆናል ብሎ ሁለተኛውን ከፈተ። ጉንጯ ሞላ ያለ ሌላ ልጅ። ሦስተኛው ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ መጣ። አራተኛው ላይ የፋሩቅ ጣት ቆመ፤ የአራቱም ልጆች ዩኒፎርም ያው አንዱ ነበር፤ ነገሩ የገባው እዚያ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቶች ያለ ዩኒፎርም የተነሳን ፎቶ አይቀበሉም። መስከረም ላይ ደግሞ ዩኒፎርም ያልደረሰለት ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ፎቶ ቤቱ ጥሩ ለብሶ የመጣን አንድ ልጅ ያነሳና፣ ከፎቶው ላይ የልጁን ራስ ቆርጦ በሌላ ራስ ይተካል። አምና ጥሩ ለብሳ የመጣችው ለንሳ ነበረች። ፋሩቅ የማን እንደሆነ ከረሳው ቆይቷል፤ ለእሱ «ዩኒፎርሙ» ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ራስ ሲተካ፣ ደንበኛ ተሰልፎ ስለነበር፣ በችኮላ እዚያው የለንሳ ፋይል ላይ ደርቦ አስቀመጠው። ሌሎቹም ከዚያ ተቀዱ። ፊቷ ያኔ ጠፋ፤ ማስታወሻዋ ግን ከዩኒፎርሙ ጋር ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከረመ።

«ይህ አንገትጌ የእናቷ እጅ ነው» አሉ ኦቦ አዱኛ፣ ጣታቸውን አንገትጌው ወደተጠለፈበት ነጭ ክር ዘርግተው። «ልብሱ የእሷ ነው። እሷስ?»

ፋሩቅ ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። አልቻለም። ሁሉንም ነገራቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። ቢሰድቡት ወይም ቢመቱት ይቀለው ነበር።

እሳቸው ግን «ምናልባት አንዷ ላይ ቀርታ ይሆናል። ክፈት» አሉ።

እንደማትገኝ እያወቀ ከፈተ። ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ይቺ አይደለችም። ይቺም አይደለችም።» ቀጠለ። «ይቺ… አይደለችም መሰለኝ። መልሰው እስቲ።» መለሰው። «ዓይኗ እንዲህ ነበር… አልነበረም። ግንባሯ…» ፊታቸውን ላብ አጠመቀው። ያንኑ አንገትጌ ለብሶ ሌላ ፊት መጣ፣ ሌላም።

ድንገት መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ ለጠፉ።

«ዝጋው» አሉ። «እኔ ዘንድ የቀረችውንም ልታጠፋብኝ ነው።»

ፋሩቅ ዘጋው። ሰኪና ውኃ ይዛ መጣች፤ አልተቀበሏትም። የጠዋት ተማሪዎች የሚለቀቁበት ሰዓት ነበርና ሽማግሌው ሲወጡ አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ያንን ዩኒፎርም በለበሱ ልጆች ተሞልቷል። ኦቦ አዱኛ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ጎተቱ። ከዚያ በልጆቹ መሀል፣ የማንንም ፊት ላለማየት እግራቸውን ብቻ እያዩ፣ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።