በኮሪያኛ የተጠበቁ አርመኖች

አቶ እንግዳወርቅ አንድ ልጃቸውን ለመዳር ሲሉ ሦስት ወር ሙሉ ኮሪያኛ ተማሩ። ይማሩ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ግን ሰውዬው እንዲህ ናቸው፤ አንድ ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ከገባ በዶማም አይወጣም።

የጀመረው በፎቶ ነው። ልጃቸው ሶሊ ከምትማርበት ከኮሌጅ ፓርክ ለቅዳሜ መጥታ ስልኳን ዘረጋችላቸውና «ዳዲ፣ ይሄ አራም ነው። ሲሪየስ ነን። ፋሚሊው ሽማግሌ መላክ ይፈልጋል» አለቻቸው። አዩት። ልጁ ቁርጥ ሚስተር ፓርክን! ሚስተር ፓርክ አናንዴል ውስጥ የላውንደሪ ቤት ያላቸው ኮሪያዊ ሲሆኑ፣ አቶ እንግዳወርቅ እሳቸው ዘንድ ሸሚዝ ሲተኩሱ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ደግሞስ አባት ሴት ልጁን ስለ ወንድ ያፋጥጣል እንዴ? ነውር ነው። እናቷ ዘነበወርቅ ብትኖር ኖሮ ጓዳ ይዛት ገብታ የልጁን ዘር ማንዘር በአምስት ደቂቃ ለቅማ ትወጣ ነበር። እሷ ደግሞ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። እናም አባት አልጠየቁም፣ ልጅም አልነገረችም። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ልባቸው ፈረደ፤ ኮሪያዊ ነው።

ኮሪያዊነቱ አላስከፋቸውም። ያስፈራቸው ሌላ ነው። ሶሊ እዚሁ ሰው አገር ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ በመጠኑ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አሁን ደግሞ ሄዳ ሦስተኛ ቋንቋ ውስጥ ከገባች፣ የልጅ ልጆቻቸው ፊት እንደ እንግዳ ተጎልተው የሚቀሩ መሰላቸው። ይህንን ሲያስቡ እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። «እሷ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ» አሉና ደብተር ገዙ።

በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ፊደል አያስደነግጣቸውም። ሚስተር ፓርክ በምሳ ሰዓት የደረሰኝ ጀርባ ላይ እየጻፉ ያሳዩአቸው ነበር። ደስ አላቸው! የኮሪያ ፊደል መልኩ ከእኛ ጋር አይተዋወቅም፤ ግን ተነባቢውና አናባቢው እንደ እኛው ተጋብተው አንድ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ለትልቅ ሰው አንቱታ አላቸው። ማሰሪያ አንቀጹም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ ይምጣ ይቅር አይታወቅም። «ይህስ ዘመድ ነው» ብለው ደብተሩ ላይ ጻፉ። ከስንት ሺህ ማይል ርቆ የተገኘ ዘመድ።

የሽማግሌው ቀን እሑድ ሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። አቶ እንግዳወርቅ ስካይላይን የሚባለው ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሚስተር ፓርክ እንዳስተማሯቸው የጫማ ማስቀመጫ በሩ ሥር አስተካክለው፣ «ኦሶ ኦሴዮ»፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው፣ እያሉ ይንጎራደዳሉ። አብሯቸው እንዲቀመጥ የጠሩት ክፍሉ የሚባል ወዳጃቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዞት ቀርቷል። ሶሊም የለችም። ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ ፊት ለፊት አትታይም ተብላ ከልጁ ጋር ታች ፓርኪንግ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች።

በሩ ተንኳኳ። ከፈቱት።

አንድ ነጭ ሪዛም ሽማግሌና አንዲት ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ መስቀል ያንጠለጠሉ ሴት ቆመዋል። ትልልቅ ዐይን፣ ጎራዳ ያልሆነ አፍንጫ፤ በምንም ዐይነት ሚስተር ፓርክ አይደሉም። ሪዛሙ ሰውዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ባሬቭ ድዜዝ» ብለው ጀመሩና ምኑም ምኑም የማይያዝ ረጅም ንግግር ለቀቁባቸው። አቶ እንግዳወርቅ አንገታቸውን አውጥተው ኮሪደሩን ቃኙ። ኮሪያዊ የለም። እንግዶቼ ደርሰው እነዚህን ሳስተናግድ ቢያገኙኝስ ብለው ተጨነቁ።

«ሶሪ» አሉ በእንግሊዝኛ ንግግሩን አቋርጠው፤ «ቤት ተሳስታችኋል። እኔ ትልቅ እንግዳ አለብኝ። ይቅርታ፣ ዛሬ አይመቸኝም።»

የገረማቸው ሰዎቹ አለመከፋታቸው ነው። ጭራሽ ተያይተው ፈገግ አሉ። ሴትየዋ የያዙትን ካርቶን መሬት አስቀመጡ፣ ሁለቱም እጅ ነሱና ወደ ሊፍቱ ሄዱ። የተሳሳተ ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ይመለሳል?

አቶ እንግዳወርቅ ካርቶኑን ወደ ውስጥ አስገቡት። የኬክ ነው። ክዳኑ ላይ ጽሑፍ አለ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ግዕዝ! ይህ «ሀ» ነው፣ ይህ «በ» ነው… ቀጥለው ሊያነቡ ሲሉ እምቢ አላቸው። «ሀ» የመሰለው «ሀ» አልሆነም። ደብተራቸውን አምጥተው ኮሪያኛውን ጎን ለጎን አስቀመጡት። አንዱ መልኩ ባዕድ ሆኖ ጠባዩ የኛ። ሌላው መልኩ የኛ ሆኖ ፊደሎቹ እንደማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች ለየብቻቸው የተደረደሩ፤ ጋብቻ ብሎ ነገር የለም። የቱ ነው ዘመድ?

ስልኩ ጮኸ። ሶሊ ናት፤ ትስቃለች።

«ዳዲ! ሴንድ ባክ አደረግካቸው አይደል? አይ ኒው ኢት! በፈርስት ታይም አባት ይመልሳል፣ ዶንት አርጊው ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ሶ ትራዲሽናል! አሁን ይመለሱ?»

«እነማን?»

«የአራም ማዘርና አንክሉ። አርመኖቹ።»

ለካ የካርቶኑ ጽሑፍም አርመንኛ ነው! አቶ እንግዳወርቅ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ሽማግሌ ከደጅ መለስኩ! ወግ ነው ብለው ሰውን መመለስ ያለ ነው፤ ግን ያ «ልጄን ልጠይቅ፣ ዘመድ ላማክር» ተብሎ፣ ውሃ ተቀምሶ ነው። እሳቸው እንደ ፒዛ አድራሽ ነው ያባረሯቸው። እፍረቱ ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ፀጉራቸው ወረራቸው።

ተመለሱ። ሶሊም ለማስተርጎም፣ ልጁም እናቱን ደግፎ አብረው ወጡ። አቶ እንግዳወርቅ ይቅርታ ለማለት ጎንበስ ሲሉ ልጁ ፊታቸው ላይ ድቅን አለ። ያው የፎቶው ፊት። ምላሳቸው ሦስት ወር የተዘጋጀበትን ከመወርወር አልተመለሰም፤ «ኦሶ ኦሴዮ!» አሉት።

ልጁ ቀላ። «አይም ሶሪ ሰር፣ ኮሪያኛ አልችልም።»

ያኔ ነው ነገሩ የወጣው። አራም ከሴኡል በማደጎ የመጣው የስምንት ወር ሕፃን ሆኖ ነው። ያደገው እዚሁ አጠገብ አሌክሳንድሪያ፣ በእናቱ በወይዘሮ ሲራኑሽ ጉያ ውስጥ። አቶ እንግዳወርቅ ልጁን ያያሉ፣ እናትየዋን ያያሉ፣ ደግሞ ልጁን።

«የማን ልጅ ነው በያቸው» አሉ ሶሊን። ወግ ነው፤ ይጠየቃል።

ሶሊ ጠየቀች። ወይዘሮ ሲራኑሽ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ መቱ፤ «የኔ።» ወደ ልጁ ዞረው በአርመንኛ አንድ ነገር አሉት። እሱም በአርመንኛ መለሰ፣ ሳይንተባተብ፣ እየቀለደ፤ አሮጊቷ እየሳቁ ጉንጩን ቆነጠጡት። አጎትየውም ገቡበት። ሦስቱ እንደ ቡና ቤት ጨዋታ ቃል እየተቀባበሉ ተሳሳቁ።

አቶ እንግዳወርቅን የሆነ ነገር ጠዘጠዛቸው። ቀኑ። አዎ፣ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ይህ ልጅ ከእናቱ ጋር አንድ ጠብታ ደም አይጋራም፤ ሲጠሩት ግን በእናቱ አፍ አቤት ይላል። የሳቸው ልጅ ግንባሯ የሳቸው፣ አፍንጫዋ የእናቷ፣ ሳቋ ሳይቀር የአያቷ ነው፤ ሲጠሯት ግን የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዶቹ አልተቀመጡም። ቃል ሳይሰጠው ሽማግሌ እንደማይቀመጥ ሶሊ ነግራቸዋለች። የሰባ ዓመት ጉልበት ቆሞ እየጠበቀ ነው። ከዚህ በላይ ማስቆም ኃጢአት ነው።

አቶ እንግዳወርቅ ቀና አሉ። በእንግሊዝኛ ሊሉት ሞክረው አልወጣላቸውም፤ ምርቃት በሰው ቋንቋ አይሆንም። እጃቸውን ዘረጉ።

«እሺ፣ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። አብርሃምና ሣራን የባረከ ይባርካችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ። ሶሊዬ፣ እናትሽ ሳታየው የሄደችውን ደስታ አንቺ ጠግበሽ እዪው። ቤትሽ ሰው አይጣበት፤ እኔም ከደጅሽ አልጥፋ። የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ።»

ቃል በቃል ባይገባቸውም ምርቃት መሆኑን ማን ያጣዋል? አርመኖቹ በየመሃሉ «አሜን» ይሉ ነበር፣ አራምም ጭምር። ሶሊ አባቷን ትክ ብላ ታያለች።

«በይ ንገሪያቸው» አሏት።

ሶሊ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። «ሂ ሴድ የስ» አለች።

ቤቱ በእልልታ ፋንታ በጭብጨባ ተሞላ። አጎትየው አቅፈው ሳሟቸው፣ ከዚያ እፎይ ብለው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሲራኑሽ ግን በእንግሊዝኛ፣ «ያ ሁሉ ነገር እሺ ማለት ብቻ ነው?» ብለው ሶሊን ጠየቋት።

ሶሊ ወደ አባቷ ዞረች። ዐይኗ ሞልቷል።

«ዳዲ፣ ከየስ በኋላ ያለውን… እኔም አልገባኝም።»

አቶ እንግዳወርቅ የመረቁት እሷን ነበር።